እጅና አንቀልባ

በኢትዮጵያ እናትን ከልጇ ጋር አጣምሮ ከሚያሳየው ሥዕል ሁሉ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የተባለውን ያህል በብዙ ዓይን የታየ አለ ለማለት ያዳግታል። በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ጥንታዊ ሥዕል አርአያ አድርጎ፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በሰፊው በተሣለው ዓይነት ላይ ልጁ በእናቲቱ ግራ ክንድ ተቀምጧል፤ ሁለቱ እጆቿ ተደራርበው አቅፈውታል፤ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። ያ እጅ አይዝልም፤ አያብጥም፤ አይንቀጠቀጥም። ሠዓሊው የተነሣው ጸጋን ሊያሳይ እንጂ ድካምን ሊመዘግብ ስላልሆነ በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ይሁን እንጂ የማይደክም የእናት እጅ ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ወርዶ በዘፈኑም፣ በተውኔቱም፣ በትምህርት ቤት መጽሐፉም ውስጥ ቤቱን ሠርቷል። እናት ስትወደስ ማሕፀኗ ይነሣል፤ ጡቷ ይጠቀሳል፤ አንጀቷ ይዘመራል። እጇ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ሳያቋርጥ የሚፈስ፣ ዋጋው የማይጠየቅ ነገር ሆኖ ይታለፋል። ልጅን ከመኝታው ማንሣት፣ አንገቱን ደግፎ ማጠብ፣ የሽንት ጨርቁን መጭመቅ፣ የልብሱን ቁልፍ መቆለፍ፣ የአንቀልባን ጠፍር አጥብቆ ማሰር፣ ይህ ሁሉ የጣትና የእጅ አንጓ ሥራ ነው። ጣትና አንጓ እንቢ ያሉ ዕለት እናትነት ምን ይሆናል? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ልጅ በወለዱ ማግሥት መገጣጠሚያቸው የከዳቸው ሴቶች በየማለዳው የሚጠይቁት ነው።

በደብረ ብርሃን ከተማ የምትኖር አንዲት የአማርኛ መምህርት ይህን ጥያቄ በአካሏ ተሸክማዋለች። ዕድሜዋ 31 ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በብርዷም በብርድ ልብሷም የታወቀች ናት። ስለዚህም መምህርቷ ከማርገዟ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማለዳ ማለዳ ጣቶቿ እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ ብለው አልታጠፍ ሲሉ፣ የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች አብጠው ቀለበቷ አልወልቅ ሲል፣ ጠመኔ ከእጇ እየወደቀ ተማሪዎቿ ሲያነሡላት ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቃል ፈረደ፤ «ብርድ ነው የመታሽ!» ስሙም ወዲያው ተገኘለት፤ ቁርጥማት።

ቃሉ በከንቱ የወጣ አይደለም። ቆሎ ይቆረጠማል፤ አጥንት ይቆረጠማል። ይህም ሕመም በውስጥ ሆኖ የሚቆረጥም ጥርስ ያበቀለ ይመስላል። ቃሉ ሥቃዩን በትክክል ገለጠ፤ ምክንያቱን ግን ሰወረ። ብርድ የተቆጣውን መገጣጠሚያ የባሰ ያስጨንቀው ይሆናል እንጂ በሽታውን አይፈጥረውም። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት ይህ ሕመም የሚነሣው፣ አካልን ከተሕዋስያን ሊጠብቅ የተሰለፈው የሰውነት መከላከያ ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኖት የገዛ መገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። ሽፋኑ ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ዝም ከተባለም ውሎ አድሮ አጥንቱን ይበላል። በእርጅና ከሚመጣው የጉልበት ሕመም የተለየ ነው። በወጣትነትም ሊጀምር ይችላል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል።

እናቷ በቆየው ልማድ ፍል ውሃ አመላከቷት። ምክሩ ዘር አለው፤ አዲስ አበባ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃ የደረቀውን መገጣጠሚያ ያፍታታል፤ ለጥቂት ሰዓትም እፎይታ ይሰጣል፤ ከቁጣው ሥር ግን አይደርስም። በመጨረሻ መምህርቷ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ከሐኪም ዘንድ ቀረበች። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጠው ሜቶትሬክሴት ታዘዘላትና ከወራት በኋላ ጠመኔዋን መልሳ ጨበጠች። ልጅ መውለድ እንደምትሻ በተናገረች ጊዜ ግን ሐኪሙ ይህን መድኃኒት አስቀድመው አስቆሟት፤ ጽንስን ይጎዳልና። በምትኩ ለነፍሰ ጡር የሚስማማው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ተሰጣት።

ባረገዘች ጊዜ የሆነው ነገር ለእርሷ ተአምር መሰላት። እብጠቱ ጎደለ፤ የማለዳው ድርቀት ለቀቃት፤ ቀለበቷ ወለቀ፣ ተመልሶም ገባ። ለሕክምና ዓለም ግን ይህ አዲስ አልነበረም። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች፣ የብዙ ታማሚ ሴቶች መገጣጠሚያ በእርግዝናቸው ወራት እንደሚታገሥ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፏል። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አንዳች አስታጋሽ ነገር አለ ብሎ ገመተ፤ ፍለጋውንም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኋላ ኮርቲሶን የተባለው ንጥረ ነገር መራመድ ለተሳናት የ29 ዓመት ታማሚ ተሰጠ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ተነሥታ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ለሚውጡት የመድኃኒት ዘር ከመነሻዎቹ አንዱ፣ ስማቸው ያልተመዘገበ ነፍሰ ጡሮች ያገኙት እፎይታ ነበር።

ነገር ግን እርግዝና ያበደረውን ዕረፍት ወሊድ ከነወለዱ ያስመልሳል። የብዙዎቹ ሕመም ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ያገረሻል። የመምህርቷ ሕመም የተመለሰው በስድስተኛው ሳምንት ነበር።

በዚያ ሰሞን ቤቱ ገና በጠያቂ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ የገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። እርሷም ያበጡትን ጣቶቿን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ በፈገግታ ትመልሳለች። ከምጥ በሰላም የወጣች ሴት ደግሞ ምን ብላ ታማርር? ድካሟን የተናገረች እንደሆነ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «የአራስ ነገር ነው»። ይህ አነጋገር ለስላሳ ነው፤ ግን እንደ ብርድ ልብስ ሁሉንም ይሸፍናል። እንቅልፍ ማጣትንም፣ የደም ማነስንም፣ አጥንት የሚበላ በሽታንም።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጣቶቿ ስለማይዘረጉ በክንዶቿ ዝቃ ታነሣዋለች። የልብሱን ቁልፍ በጥርሷ ትፈታለች። ባሏን መቀስቀስ ታፍራለች፤ እርሱም መምህር ነው፤ ማለዳ ክፍል ይገባል። ነገሩ የተገለጠው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሕፃኑን በሳፋ ስታጥብ የእጅ አንጓዋ ከዳት፤ የልጁ አንገት ከመዳፏ አመለጠ። አጠገቧ የነበሩት እናቷ ፈጥነው ያዙት። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ውሃ ነክቶት ትንሽ አለቀሰ እንጂ። እርሷ ግን ከልጇ የበለጠ አለቀሰች። እናቷ ነጠላውን ገልጠው እጇን አዩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ» አሏት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሐኪሙ የጻፉላት ወረቀት ስምንት ስሞች ይዞ ነበር። ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ሰልፋሳላዚን ይጨመራል፤ ሥራው እስኪታይ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያስጠብቃል። እስከዚያ ድልድይ ይሆናት ዘንድ ፕሬድኒሶሎን በቀን 10 ሚሊግራም፣ ኋላ ቀስ በቀስ የሚቀነስ፤ ለሥቃዩ ኢቡፕሮፌን፤ እነዚህ ሁለቱ ተጋግዘው ጨጓራዋን እንዳይጎዱ ኦሜፕራዞል፤ ፕሬድኒሶሎን አጥንቷን እንዳያሳሳው ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር፤ በወሊድ ለጎደለው ደሟ የብረት ክኒን፤ ሰልፋሳላዚን የሚያጎድለውን ለመተካት ፎሊክ አሲድ። በቁም ሳጥን ውስጥ የተረፈው የሜቶትሬክሴት ብልቃጥ ደግሞ ከቤት እንዲወጣ ታዘዘ። የምታጠባ እናት አትወስደውም፤ የሳምንቱን መድኃኒት በስሕተት በየቀኑ የዋጠ ሰውም ለሞት ሊደርስ ይችላል። እንቅልፍ ላጣች ሴት እንዲህ ያለ ብልቃጥ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ መቀመጥ የለበትም።

ስምንት መድኃኒት ስምንት ጠባይ አለው። ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት በባዶ ሆድ ይሻል። ፕሬድኒሶሎን በጠዋት ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ካመሸ እንቅልፍ ይነሣል። ኢቡፕሮፌን ያለ ምግብ አይዋጥም። ካልሲየምና ብረት አብረው ከገቡ አንዱ የሌላውን መንገድ ስለሚዘጋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መለያየት አለባቸው። ብረት ከቡናና ከሻይም መራቅ ይወዳል፤ ጀበና ከእሳት በማይወርድበት የአራስ ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። በዚህ ሁሉ ላይ የሕፃኑ ሰዓት አለ፤ እርሱም ከማንኛቸውም ሰዓት ጋር አይገጥምም። «የጠዋቱን ውጬዋለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» የሚለው ጥርጣሬ ራሱን የቻለ ዘጠነኛ በሽታ ሆነባት። ብልቃጦቹን ለመክፈት የሚያስፈልገው የጣት ኃይል ደግሞ፣ መድኃኒቶቹ ሊመልሱላት የታዘዙት ያው ኃይል ነበር።

ልጇ አራት ወር ሊሆነው ሲል፣ የወሊድ ፈቃዷም ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ገንፎዋን ሲያገነፉላት የከረሙት ጎረቤት የብልቃጡን ብዛት አይተው ደነገጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ለሰው የሚደርሱ ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ እኮ በጡትሽ ይወርዳል! ልጁን መርዝ ታጠቢዋለሽ?» አሉ። ለሥቃይዋም ከራሳቸው ኪስ ሁለት እንክብል ትራማዶል አውጥተው ሰጧት፤ ወገባቸውን ሲያማቸው የሚውጡትን።

እንክብሎቹን አልዋጠችም፤ ቃላቸውን ግን ዋጠችው። ማንንም ሳታማክር ስምንቱንም ተወች። ልጇን ያዳነች መስሏት ዘጠኝ ቀን ቆየች። በዘጠነኛው ቀን ጉልበቷ ተቆልፎ ከአልጋ መውረድ አቃታት፤ ራሷን አዞራት፤ ልጇን ለማጥባት እንኳ ሌላ ሰው ከደረቷ ያስጠጋላት ጀመር።

ሐኪሙ አልተቆጡም። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ ከርሞ በድንገት እንደማይቋረጥ፣ ሰውነት የራሱን ማመንጨት ትቶ ስለሚከርም ጊዜ ሰጥቶ መቀነስ እንደሚገባ ነገሯት። የታዘዙላት መድኃኒቶች ወደ ወተቷ የሚያልፉት በጥቂቱ መሆኑን፣ ቀኑ ሞልቶ ለተወለደ ጤናማ ሕፃን በዚህ መጠን እንደሚስማሙ፣ ልጁ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢታይበት ወይም ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ግን ሳትውል ሳታድር እንድታመጣው አስረዷት። የሚያስፈራው ጎረቤቷ በደግነት የሰጧት እንክብል ነበር። ትራማዶል የሚጠባን ሕፃን ሊያደነዝዝና ትንፋሹን ሊያደክም ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዱት እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። የተፈራው የሚጠቅመው፣ የተሰጠው የሚጎዳው ሆነ። «ልጅዎ የሚያስፈልገው ወተትዎ ብቻ አይደለም፤» አሏት ሐኪሙ፣ «እጅዎም ያስፈልገዋል።»

ይህች አነስተኛ ዐረፍተ ነገር በአራስ ቤት የሚነገረውን ብዙ ነገር ትገለብጣለች። በልማድ የእናትና የልጅ ጥቅም እንደ ሚዛን ሁለት ጎን ይታያል፤ እርሷ ስትጎዳ እርሱ የሚጠቀም፣ እርሷ ስትታከም እርሱ የሚጎዳ ይመስላል። ስለዚህ ሥቃይን ዝም ብሎ መቻል የእናትነት ማኅተም ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያልታከመ እጅ ልጅን ከሳፋ ውስጥ የሚጥል እጅ ነው።

ስለታመመ እጅ ሲነሣ በኪነ ጥበብ ዓለም የሚጠራ ስም አለ፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ኦጉስት ሬንዋር (1841–1919 እ.ኤ.አ.)። ይኸው በሽታ ከ50 ዓመቱ በኋላ ይዞት ጣቶቹን አጣመመ፤ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እርሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ሥሏል። ብሩሹ ከእጁ ጋር ይታሰር ነበር የሚል ወሬ አለ፤ በመዳፉ ላይ የሚታየው ጨርቅ ግን ቆዳው እንዳይቆስል የተጠመጠመ ነበር። ሳሻ ጊትሪ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳየው ፊልም ላይ ትንሹ ልጁ ክሎድ ብሩሹን በእጁ ሲያስይዘው ይታያል። የሬንዋር ጽናት በየመጻሕፍቱ ተወድሷል፤ ሊወደስም ይገባዋል። ዳሩ ግን ጽናቱ ብቻውን አልሣለም። ብሩሽ የሚያስይዝ፣ ሸራ የሚያስተካክል፣ ከወንበር የሚያነሣ የሰው እጅ በዙሪያው ነበር። ቤቱ በታመመው እጅ ዙሪያ ተደራጀ። የአራስ ቤት ሥራ ግን ኪነ ጥበብ ተብሎ ስለማይጠራ፣ ብሩሽ የሚያቀብል ሰው አይመደብለትም። የታመመችው እናት በቤቱ ዙሪያ ትደራጃለች እንጂ ቤቱ በእርሷ ዙሪያ አይደራጅም።

በደብረ ብርሃኑ ቤት የመጣው ለውጥ ይህን የተገላቢጦሽ ሥርዓት ማቃናት ነበር። ባሏ መምህር ነውና የሚያውቀውን መሣሪያ አነሣ፤ እንደ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል ያለ ሰንጠረዥ በሰፊ ወረቀት ላይ አስምሮ በማጀቱ በር ለጠፈው። በስተግራ ሰዓቱ፣ ከላይ የመድኃኒቱ ስም፤ የተዋጠው በእርሳስ ይመለከታል። ማታ ማታ የነገውን ክኒኖች ከየብልቃጡ አውጥቶ በሰዓታቸው ለያይቶ ያስቀምጣል። እናቷ ማለዳ ሳይነጋ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ያቀርባሉ፤ ጣቶቿን አሥር ደቂቃ ነክራ ነው ልጇን የምታነሣው። ሌሊት በጎኗ ተኝታ፣ ሕፃኑን ከትራስ ላይ አስደግፋ ታጠባለች፤ የእጇ አንጓ ያርፋል።

አስቸጋሪው አንቀልባው ነበር። ጠፍሩን መሳብና መቋጠር የማይቻላት ሲሆን፣ ከአያት የወረደውን አንቀልባ መስቀል ልጅን የመተው ያህል ከበዳት። ባሏ ልጁን በጋቢ ከደረቱ ጋር ጠቅልሎ ወደ ሱቅ ብቅ ሲል ሰፈሩ ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ወር የሚስቅ ጠፋ፤ ለዓይን እንግዳ የሆነ ነገር ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው። «መርዝ» ያሉት ጎረቤትም ነገሩን ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለው ከሰሙ ወዲህ የብረቱ ክኒን ዘበኛ ሆነዋል። ቡና ከመቅዳታቸው በፊት «ያችን የደሙን ክኒን ከዋጥሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው በዚህ ቤት ተፈጽሟል።

በሽታው ግን አልተሸነፈም። ሰልፋሳላዚን ሥራውን ከጀመረ በኋላ ፕሬድኒሶሎን በቀን ወደ 5 ሚሊግራም ወረደ፤ የማለዳው ድርቀት አጠረ እንጂ አልጠፋም። መምህርቷ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ጠመኔዋን በጨርቅ ጠቅልላ አወፍራ ትይዛለች፤ ረጅሙን ጽሑፍ ተማሪዎቿ በየተራ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ልጇን ከጡት ካስጣለች በኋላ ወደ ቀድሞው መድኃኒት መመለስ አለመመለሷ ገና የሚመከርበት ነው። የዘጠኙ ቀን ፍርሃት አልፎ አልፎ ይጎበኛታል፤ በተለይ ልጁ ያለ ምክንያት ሲያለቅስ።

ለአንድ ቤት የተገኘው መላ ለሁሉም ይገኛል ማለት አይደለም። ሰንጠረዥ የሚያሰምር ባል፣ ውሃ የሚያሞቁ እናት፣ ስፔሻሊስት ዘንድ የሚያደርስ ገንዘብ የሌላት ሴት ብዙ ናት። ይሁን እንጂ ሊቀል የሚችል አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የክትባት ሥርዓት ሕፃናት በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። የእናቶች መገጣጠሚያ የሚያገረሸውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ሦስት ጊዜ እናት ልጇን ታቅፋ ከጤና ሠራተኛ ፊት ትቆማለች። ሦስት ጊዜ የልጁ ክብደት ይመዘናል፤ ካርዱ ይሞላል፤ ቀጠሮው ይነገራል። በዚያው ወረፋ ላይ፣ ምንም መሣሪያ ሳይጠይቅ፣ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ የሚባል አንድ ቃል ቢጨመር ስንት የተሸሸገ ነገር ይወጣ ነበር፤

«እስቲ ደግሞ እጅሽን አሳዪኝ።»